በካልሲው የሰጠመው አለቃ

የዊልሞት ጃርዲንን ሬሳ ያገኙት ግንድ የሚለዩት ሰዎች ናቸው። ከመንደሩ በታች፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ግንዱን የሚያቆመው ሰንሰለት ላይ፣ በሁለት የጥድ ግንዶች መሃል ተሰንቅሮ ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፍቶ ነበር። ዊልሞት የተቆረጠ ግንድ በወንዙ ላይ እየነዱ የሚያወርዱት የግንድ ነጂዎቹ አለቃ ነው፤ በሕይወት እያለ ቀና ብሎ ሰው ሰላም ብሎ አያውቅም። ከሰዎቹ አንዱ «እንደ ልማዱ ነው» አለ ይባላል። ማን እንዳለ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል።

ሳጅን ሂራም ዳቲ ሲደርስ ሬሳውን አሸዋ ላይ አጋድመውት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሥራ በመፍታታቸው ደስ እንዳላቸው ለመደበቅ እየታገሉ ነበር። ሂራም የማክኔርስ ቤንድ ብቸኛ ፖሊስ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ሪዙ የተከረከመ፣ ድምፁ የሚያስበረግግ ሰው ነው፤ ችግሩ የመንደሩ አሮጊቶች በሙሉ ቂጡን አጥበውታልና ማንም አይበረግግለትም።

መንደሩ ፍርዱን ሰጥቶ ነበር የጠበቀው። አለቃው ከላይ፣ ግንዱ ከተቆላለፈበት ቦታ አድልጦት ወድቋል፤ ወንዙ በየዓመቱ አንድ ሰው ይወስዳል፤ የዘንድሮው እሱ ነው፤ በቃ። ሂራም ግን ተንበርክኮ ሬሳውን አገላበጠው። ግራ ጆሮ ግንዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ስብራት አለ። ወደ እግሩ ወረደ። ወፍራም ግራጫ የሱፍ ካልሲ፤ ጫማ የለም።

«ጫማውስ?» አለ።

«ወንዙ ወሰደዋ» አሉት።

ሂራም ካልሲውን በጣቱ ዳሰሰ። አባቱም ግንድ ነጂ ነበር። ያ ጫማ ሶሉ ላይ ምስማር የተተከለበት፣ እስከ ቅልጥም ድረስ በጠፍር ተጠፍንጎ የሚታሰር ነው፤ ወንዝ ያንን ከሰው እግር ከማውለቁ በፊት ሱሪውን ያወልቀዋል። የዊልሞት ሱሪ ደግሞ ከነቀበቶው በቦታው ነው። እርጥብ ግንድ ላይ በካልሲ የሚቆም ነጂም እናቱ አልወለደችውም። ስለዚህ ዊልሞት ጫማውን በገዛ እጁ ፈትቶ ነው ያወለቀው። የት? ለምን? ሂራም ይህን ጥያቄ ለራሱ አስቀመጠው፤ ምክንያቱም ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች በጣም ጸጥ ብለው ያዩት ነበር።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም «ተመቶ ነው» ብሎ ለአውራጃው ከተማ ሲጽፍ መንደሩ ሐሳቡን በአንድ ጀምበር ቀየረ። መስጠሙ ቀረና ገዳይ ተገኘ፤ ኦኔዚም ቴሪዮ። ከሰሜን የመጣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነጂ ነው። አለቃው በሞተበት ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ዊልሞት ስለ ኦኔዚም ሚስት አንድ ጸያፍ ነገር ተናግሮ፣ እሱም የባቄላ ሳህኑን አፍንጫው ላይ ደፍቶበት «እገልሃለሁ» ብሎታል። ሁሉም ሰምቷል። ማታ እራት ላይ አልነበረም። ሁሉም አይቷል። እጅጌው ላይ ደም ነበረ። ሁሉም አሽትቷል ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ይሄ ነበር ሂራምን ያስጨነቀው። ማክኔርስ ቤንድ ውስጥ ሰዎች ዝናብ እየዘነበባቸው እንኳ ስለ ዝናቡ አይስማሙም። በአንድ ሰው ላይ እንዲህ በአንድ አፍ ሲናገሩ፣ አንድ ነገር እየሸፈኑ መሆን አለበት።

ኦኔዚምን ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ቆለፈበት። የት እንደነበረ ጠየቀው። እንጨት ልለቅም ሄጄ ነው አለ። ከማን ጋር? ከራሴ ጋር። ደሙስ? ነስር ነው። ሂራም የሰውየውን አፍንጫ ትክ ብሎ አየው፤ ያን አፍንጫ በሕይወቱ የነካው ነገር ቢኖር ብርድ ብቻ ነው።

«ስማ ኦኔዚም፤ ሐሙስ በሚመጣው ባቡር የበላዬ ይመጣል። ሌላ ሰው ካላስረከብኩት አንተን ይዞህ ይሄዳል። እዚያ ያለው ዳኛ ቋንቋህን አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። ሰው የገደለ ደግሞ ይሰቀላል። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አለ ኦኔዚም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማታ ሂራም እራቱን የበላው እንደ ሁልጊዜው ሲላስ ቤት ነው። ሲላስ የአባቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሂራም አባቱን ወንዝ ከበላው ጀምሮ በሱ እጅ አድጓል። ሽማግሌው ባቄላውን በሞላሰስ አጣፍጦ አቀረበለትና ምርመራው የት ደረሰ አለው። ሂራም ምንም አልደረሰም አለ። ሲላስ ዳቦውን እየቆረሰ፣ እሱን ከጠየቁት ዊልሞት ሰጠመ ብሎ መጻፍ ማንንም እንደማይጎዳ ተናገረ። ሐኪሙ የሚለው ሌላ ነው አለው ሂራም። ሲላስ ከዚያ በኋላ አልበላም። ሂራም ያንን ያየው የራሱን ሳህን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ሲርበው ምርመራ አይሆንለትም።

በማግስቱ የኦኔዚም ሚስት ዜሊ መጣች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ በሩን ገባ። ወንበር ሲያቀርብላት አልቀመጥም አለች፤ ከተቀመጠች የሚያነሳት ሰው እንደሚያስፈልጋት ነገረችውና፣ ተከተሉኝ ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ጓዳ ውስጥ የጨው በርሜል ከፈተች። ከጨው ውስጥ አንድ ትልቅ የሳልሞን ዓሣ ጭንቅላት አፍጥጦ አያቸው።

«ደሙ የዚህ ነው» አለች። «አሜሪካዊው ካለው የሳልሞን ማስገሪያ ክለብ ጅረት በጦር ወግቶ አመጣልኝ። ሥጋ አማረኝ ብዬው ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«ሳልሞን የሰረቀ ሰው እዚህ ወንዝ ላይ ዳግመኛ ሥራ ያገኛል? ልጁን በምን ያሳድገዋል?»

«ተሰቅሎስ በምን ያሳድገዋል?»

ዜሊ የበርሜሉን ክዳን ዘጋችው። «ሳጅን፣ እሱን ለኔ አይደለም የሚነግሩት። እኔማ ስነግረው ነው የሰነበትኩት።»

ሂራም አመናት። ግን የሚስት ቃልና የዓሣ ጭንቅላት ይዞ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ሳቅ ነው የሚተርፈው። ይባስ ብሎ ጅረቱ ወንዙን የሚቀላቀለው ክለቡ አጠገብ ነው፤ ኦኔዚም ያን ምሽት ብቻውን ወንዙ ዳር ነበረ ማለት ነው። እሱን ለማውጣት ሌላውን ማግኘት ግድ ሆነ።

ወደ ነጂዎቹ ካምፕ ወረደ። ወጥ ሠሪው አምብሮዝ በትልቅ የእንጨት መደብ ላይ በተሠራችው ኩሽናው ውስጥ ድስት እያማሰለ ተቀበለው። አምብሮዝ ወሬ ይወዳል። ስለ ዊልሞት የጥርስ ሕመም፣ ስለ ዊልሞት ሁለተኛ እጮኛ፣ ዊልሞት ሻዩ ውስጥ ስለሚጨምረው ነገር ሁሉ አወራ። ግንዱ ለምን እንደቆመም ነገረው። የሳልሞን ክለቡ ባለቤት አሜሪካዊው ሚስተር ፕራውቲ፣ እንግዶቹ አስግረው እስኪሄዱ ድረስ በክለቡ ጥልቅ ውሃ ላይ ግንድ እንዳያልፍ አሳግዷል። ውሃው ደግሞ በየቀኑ እየጎደለ ነው፤ ትንሽ ከቆየ ግንዱ በሙሉ ድንጋይ ላይ ይቀራል፤ ክረምቱን ሙሉ የቆረጡት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አለቃው በንዴት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

አምብሮዝ «ሊፈነዳ» ካለ በኋላ አፉን ያዘ፤ ዓይኑም ሳያስበው ወደ አልጋው ሥር ሄደ። ሂራም ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ጎተተው። የተቆላለፈ ግንድ የሚበትኑበት ድማሚት የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ከመሃሉ አንድ እስር ጎድሏል።

«እኔ አይደለሁም» አለ አምብሮዝ።

«አንተማ ክብሪት ስትጭር ዓይንህን ትጨፍናለህ። ማነው?»

ራሱ ዊልሞት ነበር። የሞተ ዕለት ከእራት በፊት መጥቶ፣ እስሩን በኮቱ ጠቅልሎ፣ ለአሜሪካዊው ሳልሞን ቀቅዬ ልሰጠው ነው ብሎ እየሳቀ ወጥቷል። አምብሮዝ ይህን ያልተናገረው፣ አለቃው የሞተበት ቡድን ድማሚትም ከጎደለበት ሁላችንንም ያስሩናል ብሎ ነው። ነጂዎቹ በሙሉ ተማክረው ዝም ብለዋል። ከሰሜን የመጣውን ሰው ግን ማንም አላማከረውም።

ስለዚህ ዊልሞት የክለቡን ጥልቅ በድማሚት ሊመታ ነበር የሄደው። ዓሣ የሚያርፍበት ውሃ ውስጥ አንድ እስር ድማሚት ከጣሉ፣ የዓመቱ ሳልሞን ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ እንቁላል የሚጥልም አይኖርም። ይህን ለማስቆም ሰው የሚመታ ማነው? የጥልቁ ባለቤት እንጂ።

ሚስተር ፕራውቲ ሂራምን ግድግዳው ሁሉ ለጌጥ ደርቀው በተሰቀሉ ዓሣዎች በተሞላ ሳሎን ውስጥ ተቀበለው። ያን ምሽት ከእንግዶቹ ጋር ገበታ ላይ ነበር፤ ከእንግዶቹ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ቄስ ናቸው፤ ሁለቱም እስኪበቃቸው ጠጥተው ቢሆንም ባለቤቱ ከወንበሩ ቢጠፋ ማወቅ አያቅታቸውም። የክለቡ ታንኳዎች? ሁሉም በሰንሰለት ታስረዋል፤ ቁልፉ በሱ ኪስ ነው። ሂራም ሄዶ አያቸው። ሰንሰለቱ ዝጎ ከቀለበቱ ጋር ተጣብቋል፤ የዚያን ሰሞን የነካው የለም።

ሰውየውን ተሰናብቶ ሊወጣ ሲል ፕራውቲ፣ ፖሊስ እዚህ ድረስ ከመጣ አይቀር አቤቱታ አለኝ አለ። አንድ ባለጌ ከጥልቁ ማዶ ባለው ጥድ ላይ አሮጌ ጫማ ሰቅሎበታል። እንግዶቹ መንጠቆ በጣሉ ቁጥር ጫማ ነው የሚያዩት። ከመንደሩ የቀጠራቸውን አስጎብኚዎቹን አውርዱ ቢላቸው አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ አንዱ እናቱ ታማለች፣ አንዱ ከነጭራሹ ጥዱን አላየሁትም ይላል፤ የመንደሩ ሰው በሙሉ ዛፍ መውጣት የረሳ ይመስላል።

ሂራም ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ማዶ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ባለ ምስማር ጫማ በጠፍሩ ተቋጥሮ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮፍያውን አወለቀ።

እዚህ ወንዝ ላይ ነጂ ሲሰጥም ጫማው ይሰቀላል፤ ሬሳው በተገኘበት ሳይሆን ወንዙ በወሰደበት ቦታ። ሂራም የአባቱን ጫማ ያየው እንዲህ ባለ ጥድ ላይ ነው፤ አሻቅቦ እንዲያይ በትከሻው ያነሳው ሲላስ ነበር። አስጎብኚዎቹም ያውቃሉ፤ ጫማውን ያዩ ዕለት አለቃው የት እንደሞተ ገብቷቸዋል፤ ገብቷቸውም ኦኔዚምን በጣታቸው ሲያሳዩ ሰንብተዋል።

ቆሞ ነገሩን ከእግር ጀመረው። ዊልሞት ጫማውን ያወለቀው ታንኳ ለመግባት ነው። የነጂዎቹ ጀልባ ወፍራም ጣውላ ስለሆነ ከነምስማሩ ይገባበታል፤ ምስማር የሚቀደው የሸራ ታንኳ ነው። ኦኔዚም ታንኳ የለውም። የክለቡ ታንኳ አልተነካም። እንግዳ ሰው ቢሆን ደግሞ ዳር የቀረውን ጫማ ወንዝ ውስጥ ወርውሮ ይገላገል ነበር። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነው ስብራት... ታንኳ የሚገፋበት ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ክብ ብረት አለው። በማክኔርስ ቤንድ የሸራ ታንኳ ያለው አንድ ሰው ነው፤ የመንደሩን ቄስ እንኳ ጫማዎን ያውልቁ ብሎ በካልሲ ያሻገረ።

ሂራም መንገዱን በእግሩ ተመለሰ። ፈረስ ነበረው፤ ግን በፈረስ ቶሎ ይደረሳል።

ሲላስ ደጃፉ ላይ ድንች ይልጣል። የወንድሙን ልጅ አረማመድ አይቶ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ጫማውን አየኸው» አለ።

«አየሁት።»

«ወንዝ ውስጥ ብጥለው ኖሮስ?»

«ዛሬ እዚህ አልመጣም ነበር።»

«እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት።»

«እያወቅህ ታዲያ ለምን ሰቀልከው አጎቴ?»

ሲላስ፣ ውሃ ለምን ያረጥባል ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው አየው። «የሰው ጫማ'ኮ ነው ሂራም።»

ከዚያ ነገረው። ዊልሞት ከአሜሪካዊው ጋር ልታረቅ ነው፣ አሻግረኝ ብሎት ነው። ጥልቁ መሃል ሲደርሱ ኮቱን ፈታ። ሲላስ ለመነው፤ ሰደበው፤ የዊልሞትን አባት ስም ጠርቶ ለመነው። ዊልሞት ክብሪት ጫረ። ሲላስ እጁን ሊመታ ዘንጉን ሰነዘረ፤ ነፋስ ነበረና ዊልሞት እሳቱን ሊከልል ጎንበስ አለ። ብረቱ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ወደ ውሃው የገባው ድምፅ ሳያሰማ ነው። ድማሚቱ ታንኳው ውስጥ ቀረ።

«የት ነው ያለው?»

«ድንቹ ሥር። ወንዙ ውስጥማ አልጥለው።»

ሂራም ጓዳ ገብቶ ድንቹን በእጁ ገለጠ። እስሩ ነበረ፤ የመለኮሻ ክሩ ጫፉ ላይ ጠቁሯል። ተለኩሶ ጠፍቷል። ግን ያ ክር በዚያ ምሽት ጠቆረ ወይስ ትናንት፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ? ሂራም ይህን ማሰቡን ጠላው፤ ማሰቡን ግን አላቆመም። ሽማግሌው ታሪኩን ሲናገር አንድም ቦታ አልተደናቀፈም፤ ለራሱ ደጋግሞ ያወራው ይመስላል። ያሳደገውን ሰው ግማሹን አመነው። ግማሹን ለሳጅኑ ተወለት።

ወጥቶ ፊቱ ቆመ። «እሺ፣ ይሄን ልቀበልህ። ኦኔዚምስ? የታሰረ ዕለት ለምን አልመጣህም?»

«ሰጠመ ብለህ ትጽፋለህ ብዬ።»

«ሐኪሙ ጽፏል አልኩህ። እዚሁ፣ እራት ላይ ነግሬሃለሁ።»

«ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ደግሞ ነገ አልኩ።»

«ነገ ሐሙስ ነው አጎቴ።»

ሲላስ የተላጠውን ድንች ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ሊነሳ እጁን ዘረጋ፤ ሂራም ደግፎ አነሳው። በመንገድ ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ቆሞ ነበር፤ አንድም የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሂራም እያንዳንዱን መስኮት በየስሙ መዝግቦ ቢያስር ደስ ባለው ነበር፤ ክፍሉ ግን አንድ ናት።

ኦኔዚም ሲወጣ ሽማግሌው ሲገባ በሩ ላይ ተገናኙ። ዜሊ እዚያው ነበረች፤ የባሏን ክንድ ይዛለች። ሲላስ ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ።

«ከታሰረ ወዲህ በየጠዋቱ ድልድዩ ላይ ጠብቀው እንቁላል ይሰጡኝ ነበር» አለችው። «‹በላ ወይ? ተኛ ወይ?› ይሉኝ ነበር። እኔም ለባሌ ከርስዎ የሚያዝን ሰው የለም ብዬ ነገርኩት።»

ሲላስ ወደ ክፍሉ ገባ። ኦኔዚም ባርኔጣውን ደፍቶ ሚስቱን ይዞ ወጣ፤ ስለ ሳልሞኑ ማንም አልጠየቀውም።

ሐሙስ ባቡሩ ደረሰ። የበላዩ መኮንን ቀጭን፣ የሚቸኩል ሰው ነበር፤ ሂራምን ሳይሆን ሰዓቱን እያየ ነው ሰላም ያለው። ፈረንሳዩን እወስዳለሁ ብሎ መጥቶ በካቴና ታስሮ የቆመ ሽበታም ሽማግሌ ሲያገኝ ግራ ተጋባ። ሂራም ነገሩን ከካልሲው ጀምሮ አስረዳው፤ ድማሚቱንም በሳጥን አስረከበው። መኮንኑ ድማሚቱን ከራሱ አርቆ ለረዳቱ አቀበለ።

«መንደርተኛው ይመሰክራል?» አለ።

«እዚህ ያየ ሰው የለም ጌታዬ። ጠይቁ፤ ጥድ የሚባል ዛፍ እንኳ አያውቁም።»

«ታዲያ ማን ሊመሰክርበት ነው?»

ሂራም የሲላስን የኮት አንገትጌ አቃናለት፤ ባቡሩ ውስጥ ነፋስ ይገባል።

«እኔ» አለ። «እሱም የመከላከያ ምስክር ያስፈልገኛል ካለ ጥሩኝ። ለሱም የምመሰክርለት እኔው ነኝ።»